ለሣሩ መመለጥ ተጠያቂ የተባለው እግር

ለሰፈራችን የአረንጓዴ ስፍራና የግቢ ውበት ተቆጣጣሪ
ሮቤ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም መላ ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይም ጉልበትዎንና ቁርጭምጭሚትዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ፣ ጠዋት ከአልጋዎ ሲወርዱ ሁለቱም እግሮችዎ እኩል መሬት እንዲነኩልዎ፣ የቢሮዎንም ደረጃ የማንንም ትከሻ ሳይደገፉ ወጥተው እንዲወርዱ ከልቤ እመኛለሁ። ለአንድ ኃላፊ ጤና ስመኝ እንዲህ እስከ ቁርጭምጭሚት መውረዴ ለምን እንደሆነ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ካገኙ ይገባዎታል።

እኔ ሸዋርጋ የምባል፣ ጊኒርና ጎባ ስሠራ ቆይቼ በመጨረሻ ከዚሁ ከሮቤ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ መሸሻ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ለዚህ ከተማ ልጆች ካርታ ማንበብ ሲያስተምር ስለኖረ እርስዎንም አስተምሮ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን የመንገዱ ዳር የት እንደሚያበቃና የሰው ግቢ የት እንደሚጀምር መለየት ሲያስቸግርዎ ሳይ የእሱ ተማሪ እንዳልነበሩ ተረዳሁ።

ይህ ደብዳቤ በአደባባይም የሚወጣ ስለሆነ፣ ለማያውቁን አንባቢዎች ስል ከመጀመሪያው ልነሳ። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከበረንዳው ጀምሮ አጥሩ ጥግ እስከ ቆመችው ጽድ ድረስ፣ መሸሻ በእጁ ተክሎ ያሳደገው የሰርዶ ሣር አለ። ካቻምና ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱ ተሳሰረ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብ የኖረ ሰው ፊደል እየተተራመሰበት ማንበብ ተወ። ጎባ ለሕክምና ስንመላለስ ሰብሪና የምትባለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግቢያችን ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። ሣር እንዳለን ስነግራት ፊቷ በራ።

"በቃ እትዬ፣ ጫማውን አውልቀው ሣሩ ላይ ያራምዱት። እግሩ መሬቱን ይስማው። ቢወድቅ እንኳ ሣር ሰው አይሰብርም" አለችኝ።

እንዳለችው አደረግን። መጀመሪያ እኔ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀጥሎ ምርኩዝ ይዞ፣ በኋላም ምርኩዙን አልፎ አልፎ ብቻ እየነካካ ተራመደ። ከበረንዳው ይነሳል፤ ጽዷ ጋ ሲደርስ ግንዷን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋታል፤ ከዚያ ይመለሳል። ይወድቅም ነበር። ሲወድቅ አንዳንዴ ወዲያው አይነሳም፤ በጀርባው ተኝቶ ሰማዩን እያየ ይስቃል። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት እዚያ ሣር ላይ ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ ወደ ኑሯችን የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። በቅድሚያ አጥራችን ተነሳ። ከመንገድ የሚታይ ቤት ሁሉ ግቢውን የሚያሳይ አጥር ይኑረው በተባለው መሠረት የእንጨት አጥራችን ወልቆ በፍርግርግ ብረት ተተካ። አበው "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይላሉ፤ እርስዎ ግን አጥሩን የነቀነቁት ባለቤቱን ንቀው ሳይሆን ባለቤት ይኖረዋል ብለው ስላላሰቡ ነውና በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ አጨዳው። መስከረም መጨረሻ ላይ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ከመንገድ የሚታይ ሣር ሁሉ በእርስዎ ሠራተኞች እንዲታጨድ ታዘዘ። ከእኛ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ የመጠየቅንና የመመለስን ድካም ሊያስቀሩልን አስበው መሆኑን ስለምረዳ አመሰግናለሁ። ለሊሳ የሚባል ጨዋ ወጣት የሣር ማጨጃ ማሽኑን እየገፋ ገባ። ዝናቡ ያባራው ገና ያን ጊዜ ነበር፤ መሬቱ ሲረግጡት ውኃ ይተፋል።

"ልጄ፣ መሬቱ ትንሽ ጠፈፍ ይበልና ነገ ብትመጣስ?" አልኩት።

"አዴ፣ እንግዶቹ ነገ ናቸው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ከሥሩ ላጨው ነው የተባልኩት።"

"ከሥሩ ለምን?"

"ቶሎ እንዳያድግ።"

ሣር እንዳያድግ ይህን ያህል የሚተጋ የአረንጓዴ ስፍራ ተቆጣጣሪ በሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኛ የባሌ ሰዎች ስለ አጨዳ ትንሽ እናውቃለን፤ ስንዴው በደረሰ ቁጥር ኮምባይነር ሲያጭድ እያየን ነው የኖርነው። ኮምባይነር እንኳ ያን ሁሉ ግዝፈት ይዞ ከመሬት ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፤ ከብት የሚቀማምሰው ነገር ትቶ ያልፋል። የእርስዎ ማሽን ግን ሣሩን ጨርሶ አፈሩን ቀመሰ። ለሊሳ መሃል ላይ አጥፍቶት ከሥሩ አጎንብሶ አየና፣ "ስለቱ ደንዟል፤ ይሳል ብዬ ተናግሬ ነበር" አለኝ። ሲጨርስም የሠራውን ዞር ብሎ አይቶ፣ "ይቅርታ አዴ" ብሎኝ ወጣ። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀን ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ከሥርዓት ውጭ ሄዷል ተብሎ እንዳይቀጣ አደራ እላለሁ። እንግዶቹም በማግስቱ የመኪናቸውን ጥቁር መስታወት እንደዘጉ አለፉ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው። ኅዳር ገባና ውርጭ ወረደ። ሣሩ እዚህም እዚያም ራሰ በራ ሆነ። ይህ ወሬ ቢሮዎ ደርሶ ኖሮ በአካል መጡልን፤ ደጃችን ድረስ ስለ መድከምዎ አመሰግናለሁ። መሸሻ እንደ ልማዱ ሣሩ ላይ ነበር። እርስዎ ከፍርግርጉ ውጭ ቆመው ሲመላለስ ጥቂት አዩትና አብረዎት ለነበሩት፣ "በቃ፣ ታውቋል። ሰውዬው እየተመላለሰ ነው የጨረሰው" አሉ። እኔ ወደ አጥሩ ስጠጋም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው በትሕትና፣ "እናቴ፣ ከእንግዲህ እዚህ ላይ ሰው እንዳይመላለስ። ለሣሩ እናስብለት እንጂ" አሉኝ። እርስዎ መንገድዎን ሲቀጥሉ ሠራተኞችዎ "ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው" የሚል ቆርቆሮ ግቢያችን መሃል ተክለው ተከተሉዎት።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በሥራ ዘመኔ አንድም በሽተኛ በአጥር አሻግሬ መርምሬ አላውቅም። ስለዚህ እርስዎ ከሄዱ በኋላ መነጽሬን አድርጌ ሣሩ ላይ ተንበረከክሁ። የውኃ ቧንቧው በሚያልፍበት በኩል መሬቱ ጉብ ይላል፤ እዚያ ሣሩ ከነሥሩ ተገሽልጦ አፈሩ አግጥጧል፤ ማሽኑ ጉብታውን ሲወጣ ስለቱ የላጨው ነው። ከበሩ ጀምሮ ጎን ለጎን የሚሄዱት ሁለት ረጃጅም መስመሮች ጎማው እርጥቡን መሬት ጠቅጥቆ ያለፈባቸው ናቸው፤ በጣቴ ብጫናቸው እንደ ሸክላ ደርቀዋል። ከበሩ አጠገብ ያለውን፣ ዙሪያው በመቀስ የተቆረጠ የሚመስለውን ክብ፣ አፈሩን አንስቼ አሸተትኩት፤ ቤንዚን ነው፤ ማሽኑን እዚያው ሣሩ ላይ አቁመው ሲሞሉት ፈሷል። የቀረው ሣር ደግሞ ጫፉ አልተቆረጠም፤ ተቦጭቋል፤ እንደ ተተለተለ ጨርቅ ነጭ ክር አውጥቷል። ይህ ለሊሳ የነገረኝ የደነዘ ስለት ሥራ ነው። ረዘም ያለ ሣር ለሥሩ ጋቢ ነው፤ እርስዎ ጋቢውን የገፈፉት ብርዱ ደጅ ሲደርስ ነው። ከጽዷ ሥር ያለው መላጣ ግን የእርስዎ አይደለም፤ እዚያ ጥላው ስለሚበዛ ድሮም ሣር አይወደውም። ያልሠሩትን አልጭንብዎትም።

መሸሻ የሚሄድበት መስመርስ? እዚያ ሣሩ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ጨብጬ ሳብ ባደርገው አልነቀል አለኝ፤ ገለጥ ሳደርገው ከሥር አረንጓዴ ነው። ሰርዶ የከብት ኮቴ ሲረግጠው የኖረ ሣር ነው፤ የአንድ በሽተኛ ባዶ እግር ምን ያደርገዋል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳዋው ባሌ ሲሆን ማየት ግን አዲስ ሆነብኝ።

ሦስተኛውን ቅሬታ በቁጥር ማስቀመጥ ይቸግረኛል። የሆነውን ብቻ ልንገርዎት።

መሸሻ ሰምቶዎት ነበር። የታመመው አንደበቱ እንጂ ጆሮው አይደለም። ሠራተኞችዎ ቆርቆሮውን ሲተክሉ ጽዷን ተደግፎ ቆሞ አያቸው። ከሄዱ በኋላ በሣሩ ላይ አልተመለሰም። ብረቱን በደህና እጁ እየያዘ፣ በአጥሩ ሥር በድንጋዩ ላይ፣ እግሩን እየጎተተ ዞሮ በረንዳው ደረሰና ተቀመጠ። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ላወልቅለት ጎንበስ ስል እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበ።

"ተ... ተከልክሏል" አለኝ።

"መሸሻ፣ የገዛ ግቢህ እኮ ነው።"

"ክልክል" አለኝ እንደገና።

ሰውዬው እንዲህ ነው። ደወል ከተደወለ በኋላ ክፍል ገብቶ የማያውቅ፣ ደንብ የተባለ ነገር ሁሉ አንድ አስተዋይ ሰው ለሌላው አስቦ ያወጣው የሚመስለው መምህር ነበር። ቆርቆሮውን ነቅዬ ከኩሽናው ጀርባ ብጥለው እስክመልሰው ድረስ ምሳውን አልበላም አለ፤ መለስኩት። በበረንዳው ሲሚንቶ ላይ ላራምደው ሞከርኩ፤ ትንሽ ፈቀቅ ይልና ፈርቶ ይቆማል፤ ሲሚንቶ ሲወድቁበት እንደማይምር ያውቃል። ወደ ቢሮዎም መጣሁ፤ ደጋግሜ መጣሁ። በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ የስብሰባው ርዕስ የሕዝብን ቅሬታ በፍጥነት ስለ መፍታት መሆኑን ስለ ነገሩኝ በቅሬታዬ እንዳላውክዎ ብዬ ተመለስኩ።

ታኅሣሥና ጥር እንዲሁ አለፉ። መሸሻ ጋቢውን ተከናንቦ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሣሩን ሲያይ ይውላል። የካቲት ላይ ጎባ ስንሄድ ሰብሪና ጉልበቱን ልታጥፍ ሞክራ እምቢ ሲላት እጇን እዚያው ላይ እንዳኖረች ቀና ብላ አየችኝ።

"እትዬ፣ ይሄ እግር መጥቶልን ነበር እኮ። ምን ሆኖ ነው ያቆመው?"

"ሣር ጎድቷል ተብሎ ነው" አልኳት።

ቀልድ መስሏት ልትስቅ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። ወደ ሮቤ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መሸሻ በመስኮት በኩል እርሻውን ሲያይ እኔ የማይሰማውን እጁን ይዤ አለቀስኩ። ሰው ሲሞትም ሲወለድም አጠገቡ ቆሜ የኖርኩ ሴት፣ የገዛ ባሌ እግር በአንድ ቆርቆሮ ሲሞት ማዳን አቃተኝ። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልን አይደለም፤ ለሣሩ ሲያስቡለት በነበረበት ሰሞን ሌላም የሚታሰብለት ነገር እንደነበረ እንዲያውቁት ያህል ነው።

መጋቢት ላይ ዝናብ ጣለ። ሣሩ፣ ቤንዚን ከጠጣው ክብ በቀር፣ በየቦታው ማቆጥቆጥ ጀመረ። ጎረቤታችን ዙህራ ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት፤ በመሸሻ ነገር ከእኔ እኩል የምትጨነቅ። አንድ ጠዋት ትኩስ ወተት በጆግ ይዛለት መጣች። ዙህራ ቆርቆሮ አትፈራም፤ እንደ ወትሮዋ በሣሩ አቋርጣ ስትመጣ ያ የውኃ ቧንቧው ጉብታ ላይ ያለው መላጣ ጭቃ ሆኖ ኖሮ አንሸራተታትና በቁመቷ ተዘረረች።

"ያ ረቢ!" የሚለውን ጩኸቷን ስሰማ ከኩሽና ሮጬ ወጣሁ። የመሸሻ ወንበር ባዶ ነበር።

እሱ ሣሩ ላይ ነው። እንዴት እንደተነሳ አላየሁም፤ እሱም እስከ ዛሬ ሊነግረኝ አልቻለም። አጠገቧ ደርሷል። ምርኩዙን ጥሎ፣ ቀኝ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ደህናውን ግራ እጁን ዘርግቶላት ቆሟል።

"ተነሺ" አላት፤ አንድ ፊደል እንኳ ሳይሰበርበት።

ዙህራ ወፍራም ሴት ናት። ብትስበው ይዛው እንደምትወድቅ ስለገባት እጁን ያዝ ብቻ አድርጋ በራሷ ጉልበት ተነሳች። ወተቱ ፈሷል፤ ነጠላዋ በጭቃ ጨቅይቷል። "ገለቶማ ጋሼ" አለችው በኦሮምኛ፤ ምስጋና ከልቧ ሲሆን በኦሮምኛ ነው የሚመጣላት።

ያኔ ቁልቁል እግሩን አየ። በሣሩ መሃል ቆሟል። ቆርቆሮውን አየ። መንገዱን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ የነበረው የሰባ ዓመት ሰው ፍርሃት አልነበረም፤ ሲያጠፋ የተያዘ ልጅ ፍርሃት ነበር።

"ፈቃድ... አለን?" አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ የሚሞተውን ሰው እንኳ ዋሽቼው አላውቅም። "አለን" አልኩት።

"ማን... ሰጠ?"

"ኃላፊው ራሳቸው። ትናንት ሰው ላኩብኝ። መምህር እንዳሻቸው ይመላለሱ ብለዋል።"

ዙህራ ከነጭቃዋ ቀበል አድርጋ፣ "ወላሂ ጋሼ፣ እኔም ሰምቻለሁ" አለች። በኋላ ለብቻችን ስንሆን ደጋግማ "አላህ ይቅር ይበለኝ" ስትል ነበር።

መሸሻ ጥቂት አሰበ። "ጥሩ... ሰው ናቸው" አለ። ከዚያ ምርኩዙን አቀበልኩትና ወደ ጽዷ መሄድ ጀመረ።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ይራመዳል። እንደ አምናው አይደለም። ጉልበቱ እንደ በር ማጠፊያ የዛገ ነው፤ ሰብሪናም በበጋው... ይቅርታ፣ በእርስዎ ቆርቆሮ የጠፋው ሁሉ ላይመለስ እንደሚችል ሳትደብቅ ነግራኛለች። ግን ይራመዳል፤ የሚራመደውም በሌለ ፈቃድ ላይ ነው። ሠራተኞችዎ አንድ ቀን መጥተው "ማን ፈቀደላችሁ?" ቢሉት ያ እግር ለሁለተኛ ጊዜ የሚነሳ አይመስለኝም። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። የሰጡትን ፈቃድ አይንሱን። በበራችን ሲያልፉ መሸሻ ያውቅዎታልና ግራ እጁን ያነሳልዎታል፤ እርስዎም እጅዎን ያንሱለት። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ስብሰባም አያስፈልገውም። እሱ ማንበብ ስለማይችል ደብዳቤውን በአደባባይ ማውጣት አልፈራሁም፤ ያነበባችሁ የሮቤና የጎባ ሰዎች ግን፣ በተለይ ተማሪዎቹ የነበራችሁ፣ ብታገኙት እንዳትነግሩት በአምላክ ስም እለምናችኋለሁ። የባለሥልጣን ስም ያለ ፈቃድ መጠቀም የሚያስቀጣ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። እኔን ለማግኘት አይቸገሩም፤ አጥራችን ያሳያል።

እርስዎ ሳያውቁት ደግነትዎን በመንደሩ ያወጅኩ፣ ባልሰጡት ፈቃድ ከልብ የማመሰግንዎ፣ ለሁለቱም እግሮችዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

ሸዋርጋ
ጡረተኛ ነርስ፣ የመምህር መሸሻ ባለቤት

ሳልረሳው፦ መሸሻ በማለዳ ጸሎቱ ሊያነሳዎት ፈልጎ ስምዎ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። በቢሮዎ በር ላይ የተጻፈው ሥልጣንዎ እንጂ ስምዎ ስላልሆነ አላውቀውም ነበር፤ ስለዚህ "ቱፋ ይባላሉ" አልኩት። ቱፋ የቢሮዎ ጥበቃ ነው። እርስዎን ስጠብቅ መቆሜን አይቶ የገዛ ወንበሩን አምጥቶ ሰጠኝና እሱ ቆሞ ዋለ። በየማለዳው ለእርስዎ የሚጸለየው ጸሎት ወደ እሱ እየሄደ ስለሆነ፣ አልደረሰኝም የሚሉ ከሆነ በሩ ላይ ይጠይቁ።